የውጭ እጅ ምን ያህል ከበደ? የእርስ በርስ ጦርነትን ታሪክ የምንመዝንበት መንገድ

በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቲቸር፣ የውጭ ኃይል ባይገባበት ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር?»

ደሴ ውስጥ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ይህ ጥያቄ ሲነሳ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ያሸነፉት ባዕዳን ናቸው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ የሞተውም የገደለውም የአገሩ ልጅ ነው» ብሎ ይመልሳል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ማስረጃ ግን አይመጣም። አልፈርድባቸውም። የኛ ልጆች ጦርነትን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቤተሰብ ፍራሽ ጭኖ ከከተማ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል።

ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል። እውነተኛ ጥያቄ ነው። «ባዕዳን አደረጉት» ብለን ስንዘጋው የራሳችንን ውሳኔ እንረሳለን። «ባዕድ ምንም አላደረገም» ስንል ደግሞ የሰዎችን ዕጣ ሩቅ ቢሮ ተቀምጦ የወሰነውን ሰው ነፃ እንለቀዋለን። ሁለቱም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ፣ መጽሐፍ የምታነቡ፣ ቡና ላይ የምትከራከሩ ሁሉ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አንድ ካርታ፣ አንድ ደብተር፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ። ከተቻለ ከሁለቱም ወገን የተጻፈ አንድ አንድ መጽሐፍ።

ከራሳችሁ ጦርነት አትጀምሩ

ይህ ከልምድ ያገኘሁት ነው። በራሳችን ጦርነት የጀመርኩ ጊዜ ትምህርቱ ሰሌዳ ሳይደርስ ጠብ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሩቅ አገር ሄደን እጃችንን እናፍታታለን። እኔ የምመርጠው የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ከ1936 እስከ 1939 የተካሄደው ማለት ነው። የውጭ አገሮቹን ቀኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የኛን ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

ስፔንን የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። ጦርነቱ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የጀርመኑም፣ የጣልያኑም፣ የሶቪየቱም ሰነድ በብዛት ተመርምሯል። ሁለተኛው ምክንያት ከኛ ታሪክ ጋር ግድግዳ መጋራቱ ነው። ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ የተናገሩት ጁን 30 ቀን 1936 ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ያበቃው ጁላይ 15 ነው። የስፔን ጄኔራሎች ሞሮኮ ላይ ያመጹት ጁላይ 17 ነው። በሁለት ቀን ልዩነት። እነዚህን ሦስት ቀኖች ጎን ለጎን በጠመኔ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሙሶሊኒ ከኛ አገር እጁን ሳያጥብ ነው ስፔን የገባው።

መጀመሪያ የተጣበቀውን ነገር ፈልጉ

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከድምር ነው። ጀርመን ስንት አውሮፕላን ሰጠች? ሶቪየት ስንት ታንክ? ድምሩ ይቆያችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጀምሩ። ቀን በቀን ጻፉት። ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ምኑ ነው የተጣበቀበት? ያለው ነገር ግን ሊያንቀሳቅሰው ያልቻለው የትኛው ነው?

በስፔን መልሱ ካርታው ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። መፈንቅለ መንግሥቱ በግማሽ ከሸፈ። ማድሪድ፣ ባርሴሎና፣ ቫሌንሲያና ቢልባኦ በመንግሥት እጅ ቀሩ። የባንኩ ወርቅም ቀረ። አማፂዎቹ ግን ከሁሉ የተሻለውን ጦር ይዘው ነበር፤ የአፍሪካ ጦር የሚባለውን። የሞሮኮ ወታደሮችና የውጭ ሌጌዎን ያሉበት፣ ከ30,000 በላይ ጦርነት የለመደ ሰው። ችግሩ ጦሩ ያለው ሞሮኮ ነው። ስፔን ያለችው ባሕሩ ማዶ ነው። መርከበኞቹ ደግሞ በመኮንኖቻቸው ላይ ተነስተው አብዛኛውን ባሕር ኃይል ለመንግሥት አቆዩት።

የጅብራልታር ወሽመጥ በጠባቡ በኩል 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ካለው መንገድ ያንሳል። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ፍራንኮ እዚያ ቆሞ የማዶውን ተራራ ያያል። መሻገር ግን አይችልም።

የፍራንኮ መልእክተኞች ሂትለርን ያገኙት ጁላይ 25 ማታ ባይሮይት ላይ ነው። ከኦፔራ መመለሱ ነበር። በዚያው ሌሊት ወሰነ። 20 ጁንከርስ 52 አውሮፕላን ፈቀደ። ሙሶሊኒም 12 ቦምብ ጣይ ላከ። ከነዚህ ሦስቱ መንገድ ላይ ቀሩ።

ጁንከርሱን እስቲ በቅርብ እንየው። ሦስት ሞተር አለው። ጎኑ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸበሸበ ነው። የተሠራው ለ17 መንገደኛ ነው። ወንበሮቹ ተነቀሉ። ወታደሮቹ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። በአንድ ጉዞ ከ30 በላይ ሰው ይጫናል። ብዙዎቹ አውሮፕላን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሞሮኮ ካለችው ቴቷን ይነሳል፣ ደቡብ ስፔን ሴቪያ አካባቢ ያራግፋል፣ ነዳጅ ሞልቶ ይመለሳል። በዚያው ቀን እንደገና። በዚህ መንገድ እስከ መኸር ከ13,000 በላይ ወታደር ተሻገረ። ዓለም ያን ያህል ጦር በአየር ሲጓጓዝ አይታ አታውቅም ነበር።

አሁን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። 20 አውሮፕላን። በኋላ ከመጣው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል ቁጥር አይደለም። ግን በእኔ ሚዛን በጦርነቱ ሁሉ ከተሰጠው እርዳታ ከባዱ ይህ ነው። ተጣብቆ የነበረውን ነገር አላቀቀ። ኖቬምበር ላይ ያ ጦር ማድሪድ በር ላይ ነበር።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ጻፉ። ፍራንኮ ኦገስት 5 በመርከብም ጥቂት ሺህ ሰው አሻግሯል። በራሱ ጥቂት አውሮፕላኖችም ማሻገር ጀምሮ ነበር። ይህን ያልጻፈ ተማሪ ነጥብ አይሞላለትም። የሚጠቅመንን ብቻ መርጠን ከጻፍን ሥራው ክስ እንጂ ታሪክ አይሆንም።

ቦቴውን ቁጠሩ

አባቴ በደርግ ዘመን ሾፌር ነበር። ከአሰብ ኮምቦልቻ ቦቴ ይነዳ ነበር። አሰብ ማጣሪያው ራሱ በሶቪየት እርዳታ የተሠራ ነው። በዚያ ዘመን የሚጣራው ድፍድፍም አብዛኛው ከሶቪየት ይመጣ ነበር። አባቴ ስለ ጦርነት ብዙ አያወራም። አንዴ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ታንክ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል። ቦቴ ሲያልፍ ግን ማንም ዞር አይልም። ታንኩ የሚሄደው እኮ በእኔ ነው።»

ይህን ቃል ይዤ የስፔንን ታሪክ እንደገና ሳነበው ሌላ ጦርነት ሆኖ ታየኝ። ተማሪዎች ጀርመን ለፍራንኮ ስለላከችው የአየር ጦር፣ ስለ ኮንዶር ሌጌዎን ያውቃሉ። ኤፕሪል 26 ቀን 1937 ገርኒካ መደብደቧን ያውቃሉ። ስለ ነዳጁ ግን የሚያውቅ የለም። ፍራንኮ የነዳጅ ጉድጓድ አልነበረውም። የአሜሪካው ቴክሳኮ ኩባንያ ቀድሞ ለስፔን መንግሥት ነዳጅ የማቅረብ ውል ነበረው። አመጹ ሲጀመር የኩባንያው ኃላፊ ቶርኪልድ ሪበር መርከቦቹን ወደ አማፂዎቹ ወደብ አዞረ። ያውም በዱቤ። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ፍራንኮ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ያገኘው ነዳጅ ወደ 3.5 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ካሚዮኑም እንደዚሁ ነው፤ ፎርድ፣ ስቱድቤከር፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ተደምሮ ወደ 12,000 ገደማ። የአሜሪካ ሕግ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥን ከልክሎ ነበር። ነዳጅና ካሚዮን ግን መሣሪያ አይደሉም ተባለ።

ይህን ስናነብ አንድ ልጅ ሁልጊዜ ወደኛ ይመለሳል። በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብም ነዳጅን አልነካም ነበር። አዎ፣ አልነካም። የባዶሊዮ ካሚዮኖች ወደ አዲስ አበባ የወጡት በተፈቀደ ነዳጅ ነው።

እንግዲህ አንድ ገጽ ለእነዚህ ብቻ ለዩ። ነዳጅ፣ ካሚዮን፣ መለዋወጫ፣ ዱቤ፣ ወደብ፣ የጎረቤት ድንበር፣ የሬዲዮ መገናኛ፣ አሠልጣኝ። ፖርቱጋል ለፍራንኮ ከሰጠችው ሁሉ ትልቁ ድንበሯንና ወደቧን መክፈቷ ነው። ለዚህ ፎቶ የሚነሳ የለም። ሐውልትም አይቆምለትም።

ያልደረሰውንም በቀይ ጻፉ

ሦስቱ ቀለሞች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። በሰማያዊ ለአንዱ ወገን የደረሰውን። በጥቁር ለሌላው የደረሰውን። በቀይ ደግሞ ሊደርስ ሲገባ የተከለከለውን። ልጆች ቀዩን ሁልጊዜ ይዘሉታል። ዘወትር የምጨቀጭቃቸው በዚህ ነው።

በኦገስት 1936 የአውሮፓ መንግሥታት በስፔን ጉዳይ ጣልቃ ላለመግባት ተስማሙ። 27 አገሮች ገቡበት። ሴፕቴምበር ላይ ለንደን ውስጥ ኮሚቴ ተቀመጠ። ጀርመንና ጣልያን የኮሚቴው አባል ሆነው ለፍራንኮ ይልኩ ነበር። ሶቪየትም አባል ሆና ለሪፐብሊኩ፣ ማለትም ለስፔን መንግሥት ወገን ላከች። ታዲያ ክልከላው ማንን ጎዳ? ሕጋዊውን መንግሥት ነው። ማንኛውም ሕጋዊ መንግሥት በገንዘቡ ከገበያ መሣሪያ የመግዛት መብት አለው። የስፔን መንግሥት ይህን መብት አጣ። ብሪታንያ በሯን ዘጋች፣ ፈረንሳይም የእንግሊዝን ዓይን እያየች ትዘጋና ትከፍት ጀመር።

መንግሥቱ ምርጫ ሲያጣ በኦክቶበር 1936 510 ቶን ያህል ወርቅ ካርታሄና ላይ በሶቪየት መርከቦች አስጫነ። 7,800 ሣጥን። የአገሪቱን የወርቅ ክምችት አብዛኛውን ክፍል ማለት ነው። በዚያው ወር ኮምሶሞል የምትባለው መርከብ ቲ-26 ታንኮችን ይዛ እዚያው ወደብ ደረሰች። ኖቬምበር ላይ ማድሪድ የተረፈችው በነዋሪዎቿ ጽናት ነው፣ በነዚህ ታንኮችና በሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላኖችም ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ብርጌድ የገባው ኖቬምበር 8 ነው። በጦርነቱ ዘመን ከ50 በላይ አገሮች 35,000 ያህል ፈቃደኛ መጥቷል። ያለዚህ እርዳታ ሪፐብሊኩ 1937ን ያያል ብዬ አላምንም። ስለዚህ «ሶቪየት ስለረዳች ተሸነፉ» የሚለውም፣ «ሶቪየት አልረዳችም» የሚለውም ውሃ አያነሳም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሪፐብሊኩን ያለ መሸፋፈን ከረዱት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። 20,000 ጠመንጃ ላከች። ይህችው ሜክሲኮ ጣልያን ኢትዮጵያን መያዟን አልቀበልም ያለች ናት። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስትጠብቁ ይህን አስቡ።

እርዳታው በማን እጅ ገባ?

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡ የምለው ለዚህ ነው። እርዳታ ጦር ሜዳ ከመድረሱ በፊት ቤት ውስጥ ሹመት ይሰጣል።

በጁላይ 1936 ፍራንኮ የአማፂዎቹ መሪ አልነበረም። መሪ ይሆናል የተባለው ጄኔራል ሳንሁርሆ ነበር። እሱ ጁላይ 20 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አመጹን ያቀናበረው ደግሞ ጄኔራል ሞላ ነው። ሞላም የራሱን ሰዎች ወደ በርሊን ልኮ ነበር። ሂትለር ግን እርዳታውን በፍራንኮ በኩል ብቻ እንዲሄድ አደረገ። አውሮፕላኑን የሚያመጣው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ሌሎቹ ጄኔራሎች ምን አማራጭ አላቸው? ኦክቶበር 1 ፍራንኮ የበላይ አዛዥም የመንግሥት ራስም ሆነ። ከዚያ በኋላ በዚያ ወገን አንድ ጦር፣ አንድ አዛዥ፣ አንድ የእርዳታ መቀበያ በር ነበር።

በሪፐብሊኩ በኩል ተመሳሳይ ነገር ሆነ፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። የኮሚኒስት ፓርቲው ጦርነቱ ሲጀመር ትንሽ ነበር። መሣሪያው በአብዛኛው ከሞስኮ መምጣት ሲጀምር ፓርቲው ገነነ። አናርኪስቶቹ፣ ሶሻሊስቶቹ፣ ካታሎኖቹ ይህን በጥርጣሬ አዩት። በሜይ 1937 ባርሴሎና ውስጥ አንድ ጠላት ያላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ተታኮሱ። ያው እርዳታ አንዱን ቤት ሲያጠነክር ሌላውን ቤት ሰነጠቀ። በእርግጥ ስንጥቁ ከእርዳታው በፊትም ነበር። እርዳታው አሰፋው።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ይህን ጥያቄ አስፍሩ፦ እርዳታው ከመጣ ከስድስት ወር በኋላ፣ በዚያ ወገን ውስጥ ማን ከፍ አለ? ማን ዝቅ አለ? ሰው በስም ጥቀሱ። «አመራሩ ተጠናከረ» ብሎ ማለፍ መልስ አይደለም።

የተቀበለ ሁሉ ይጠቀምበታል ማለትም አይደለም። የማርች 1937ን የጓዳላሀራ ውጊያ እዩ። ሙሶሊኒ ሙሉ ጦር ከነካሚዮኑ ላከ። ፈጣን ወረራ ነበር የታሰበው። ዝናብና በረዶ መጣ። ካሚዮኖቹ አንድ መንገድ ላይ ተደራርበው ቆሙ። የጣልያን አውሮፕላኖች የቆሙበት ሜዳ ጭቃ ሆኖ መነሳት አቃታቸው። የሪፐብሊኩ አውሮፕላኖች ከጠንካራ ሜዳ እየተነሱ መንገዱን ደበደቡት። በሌላ በኩል ደግሞ የጋሪባልዲ ሻለቃ ፀረ ፋሽስት ጣልያኖች በድምፅ ማጉያ ወገኖቻቸውን እጅ ስጡ ይሉ ነበር። ከተማረኩት መካከል ለሥራ ወደ ኢትዮጵያ የምንሄድ መስሎን ነበር ያሉም ነበሩበት። ይህችን ሳነብ ሁሌ ልቤ ይነካል። አንድ የጣልያን ገበሬ የኛን ስም እየጠራ ስፔን ጭቃ ውስጥ ተገኘ።

ታሪኩ በዚያ አያበቃም። ጓዳላሀራ ላይ ከጋሪባልዲ ሻለቃ ጋር የተዋጋው ኢልዮ ባሮንቲኒ በኋላ ጎጃም ገብቷል። ከሁለት ጓዶቹ ጋር ሆኖ በራሱ አገር ጦር ላይ ከአርበኞቻችን ጎን ቆሟል። ጳውሎስ ይሉት ነበር። የውጭ እጅ ሁሉ የመንግሥት እጅ አይደለም። ለዚህም ደብተር ላይ ትንሽ ቦታ ተዉለት።

የቆመበትን ቀን ያዙ

የመጀመሪያውን ወር በቀን እንደጻፋችሁ የመጨረሻውን ዓመት በሳምንት ጻፉት። መሃሉን በወር ብታልፉት ብዙ አይጎዳም።

ፈረንሳይ ድንበሯን በማርች 1938 ከፈተች። መሣሪያ ገባ። በጁን ዘጋችው። ሪፐብሊኩ በገባው መሣሪያ ጁላይ 25 የኤብሮን ወንዝ ተሻገረ። ውጊያው ወደ አራት ወር ፈጀ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የነግሪን ተስፋ የአውሮፓ ጦርነት ከተነሳ ብቻችንን አንቀርም የሚል ነበር። ሴፕቴምበር 30 ሙኒክ ላይ ብሪታንያና ፈረንሳይ ከሂትለር ጋር ተፈራረሙ። ተስፋው እዚያው ሞተ። ኦክቶበር 28 ባርሴሎና ፈቃደኞቹን በአበባ ሸኘች።

ኖቬምበር ላይ ሁለቱም ወገን ደክሟል፣ ጥይቱም አልቋል። ፍራንኮ ለጀርመን በማዕድን ኩባንያዎች ላይ ድርሻ ፈቀደ። በምትኩ አዲስ መሣሪያ መጣለት። ሪፐብሊኩም ሞስኮ ሰው ልኮ ብዙ መሣሪያ አስፈቀደ። መሣሪያው ፈረንሳይ የደረሰው በጃንዋሪ 1939 ነው። ባርሴሎና ጃንዋሪ 26 ወደቀች። መሣሪያው አብዛኛው ድንበሩ ማዶ ቀረ። ማድሪድ ማርች 28 ተያዘች። ወረቀት ላይ ብትደምሩት ያ ጭነት «ለሪፐብሊኩ የተሰጠ እርዳታ» ተብሎ ይቆጠራል። ድምር የሚያሳስተው በዚህ ነው።

ይህ በስፔን ብቻ የሆነ አይደለም። አፍጋኒስታን ላይ የሶቪየት ጦር የወጣው በፌብሩዋሪ 1989 ነው። ሶቪየት ትደግፈው የነበረው የአገሪቱ መሪ ናጂቡላህ በወራት ይወድቃል ያለው ብዙ ነበር። ሦስት ዓመት ቆየ። እርዳታው የቆመው በ1992 መጀመሪያ ነው፤ እሱ በኤፕሪል ወደቀ። ወታደሩ መውጣቱ ሳይሆን ነዳጁና ገንዘቡ መቆሙ ነው የጣለው።

አሁን እጃችሁ ከተፍታታ ወደ ቤታችን እንምጣ። «ደርግ የወደቀው ሶቪየት ስለተወችው ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ቀኖቹን አስቀምጡ። ኤርትራ ውስጥ የደርግ ጦር ማዘዣ የነበረችው አፋቤት የተያዘችው በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሶቪየት መሣሪያ ገና ይገባ ነበር። እዚያ የነበሩት ታንኮችና ረጃጅም መድፎች ለሻዕቢያ ቀሩ። ለአንዱ የተላከ እርዳታ ለሌላው ሆነ። በቻይናም እንዲሁ ነበር፤ ለመንግሥቱ መሪ ለቺያንግ የተሰጠው የአሜሪካ መሣሪያ በኮሚኒስቱ በማዖ ወታደሮች ትከሻ ላይ ታየ። የኩባ ወታደር ከኛ አገር ጨርሶ የወጣው በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ምጽዋ የወደቀችው በዚያው ዓመት የካቲት ነው። መንግሥቱ የሄዱት ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ትልቁ ሽንፈት የመጣው እርዳታው ከመቆሙ በፊት ነው። መቆሙ መጨረሻውን አፈጠነ። እነዚህ ሁለቱ የተለያየ ነገር ናቸው።

አባቴ በዚያ ዘመን የያዘው ትንሽ ደብተር አለ። ጠርዙ በናፍታ ቢጫ ሆኗል። በአንድ በኩል ቀን፣ በሌላ በኩል የጫነው ሊትር ነው። በመሃል መሃል አንድ ቃል ይገባል፦ «ቆሜ»። ጭነት ጥበቃ የቆመባቸው ቀኖች ናቸው። በ1980 ገጾች ላይ «ቆሜ» አልፎ አልፎ ነው የሚታየው። በ1983 ገጾች ላይ በተከታታይ ስምንት፣ ዘጠኝ መስመር «ቆሜ፣ ቆሜ፣ ቆሜ» ይላል። ይህን ደብተር ክፍል ውስጥ ሳዞር ልጆቹ በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት። የአንድ ሾፌር ደብተር ስለ አንድ መንግሥት መውደቅ ብይን አይሰጥም። ግን እንዲህ ያለ ወረቀት በየቤታችሁ ሊኖር ይችላል። ሳይጣል ጠይቁ። የነጋዴ ደረሰኝ፣ የግምጃ ቤት ወጪ፣ የመኪና መውጫ ወረቀት። የመሪዎች ንግግር የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

አንዱን አውጥታችሁ እዩት

የመጨረሻው ሥራ ይህ ነው። ከገጹ አንድ እርዳታ ሰርዙ። አንድ ብቻ። ሁለት ከሰረዛችሁ ልብ ወለድ ይሆናል። ከዚያ የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ብቻ ተከተሉ። ጁንከርሶቹን ሰርዙ፦ የአፍሪካ ጦር በሙሉ ኃይሉ ኖቬምበር ላይ ማድሪድ ይደርሳል? እኔ አይደርስም ባይ ነኝ። የሶቪየት ታንኮችን ሰርዙ፦ ማድሪድ ትተርፋለች? አትተርፍም ባይ ነኝ። ጓዳላሀራ ላይ የነበረውን የጣልያን ጦር ሰርዙ፦ ምን ይለወጣል? በዚያ ወር ብዙ አይለወጥም። እነዚህ ሦስት መልሶች የእርዳታን ክብደት ከየትኛውም ድምር በላይ ይነግሯችኋል።

ዋጋውንም በአንድ መስመር ጨምሩ። ስፔን ለጣልያን የጦርነቱን ዕዳ ስትከፍል የጨረሰችው በ1967 ነው። ሪፐብሊኩ በወርቅ አስቀድሞ ከፍሎ ነበር።

ከዚያ ብይናችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀን ይኑረው። የነገር ስም ይኑረው። «የውጭ ኃይሎች ወሳኝ ሚና ተጫውተዋል» ብሎ የጻፈልኝን ወረቀት ሳላርም እመልሳለሁ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ በጁላይ 1936 የመጣው ጥቂት አውሮፕላን ፍራንኮን ከሞሮኮ አወጣው፤ ያልተቋረጠው ነዳጅ ሦስት ዓመት አንቀሳቀሰው፤ የለንደኑ ክልከላ ተቃዋሚውን በአንድ አቅራቢ ላይ አንጠለጠለው፤ ይህን ሁሉ ወደ ድል የለወጠው ግን ወገኑን በአንድ እዝ ሥር ማቆየቱ ነው።

ዘንድሮ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ አንጎላ ጽፎ መጣ። «በኖቬምበር 1975 የኩባ ወታደሮች ባይደርሱ ዋና ከተማዋ ሉዋንዳ በነጻነቱ ዕለት በአጎስቲኖ ኔቶ እጅ አትሆንም ነበር» ይላል። ቀን አለው፣ የነገር ስምም አለው። ከ10 ዘጠኝ ሰጠሁት። ከጎኑ በቀይ «ነዳጁስ?» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ሳይገባ መጥቶ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የአንጎላ ነዳጅ የሚወጣባትን ካቢንዳን ካርታ ላይ አክብቦበታል።